በሰርዶ ላይ እንክርዳድ መዝራት

በዓለም ላይ ካሉ የእርሻ ሥራዎች ሁሉ ትርጉም የለሹ የቱ ነው ብትሉኝ፣ በአሜሪካ በረሃ በየመፀው የሚካሄደውን ዘር እጠቁማችኋለሁ። ላስ ቬጋስ፣ ፊኒክስ ወይም ፓልም ስፕሪንግስ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች አይታችሁታል። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ የጎልፍ ሜዳዎች በየተራ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ለሁለት፣ ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአራት ሳምንት። በር ላይ «ለመፀው ጥገና ተዘግቷል» የሚል ዓይነት ማስታወቂያ ይሰቀላል። ጥገና ሲባል የተበላሸ ነገር የሚጠገን ይመስላል። የተበላሸ ነገር ግን የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውኃው ይቀነስና ሣሩ እንዲጠማ ይደረጋል። ቀጥሎ ማጨጃው ወደ ታች ይወርድና ጤነኛውን፣ ገና አረንጓዴ የሆነውን ሣር መሬት እስኪታይ ድረስ ይላጨዋል። የተላጨው ተጠርጎ ይወሰዳል፤ አቧራው ለሰፈሩ ይተርፋል። ከዚያ ዘር ይበተናል። በሄክታር 500 ኪሎ ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ! የእኛ ገበሬ ስንዴ ሲዘራ ለአንድ ሄክታር 150 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል፤ ጤፍ ከሆነ 50 ኪሎም አይሞላ። እነዚያ የሚበሉ ናቸው። ይሄኛው በግንቦትና በሰኔ ሙቀት የሚሞት ሣር ነው፤ በሚቀጥለው መስከረም እንደገና ተገዝቶ እንደገና ይዘራል። ዘሩ ላይ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ውኃ ይረጫል፤ ፀሐዩ ገና ከ35 ዲግሪ በላይ በሚያነድበት ወቅት።

ከሥር ያለው ቋሚ ሣር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰርዶ ነው። ፈረንጆቹ ቤርሙዳ ግራስ ይሉታል እንጂ ያው የእኛው ሰርዶ ነው። ነቅላችሁ ብትጥሉት ከወደቀበት የሚያቆጠቁጥ፣ ገበሬውን ዕድሜ ልኩን የሚያታግለው ያ ግትር ሣር። ሙቀት ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል፤ ለበረሃ ሜዳ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ከላይ የሚዘሩበት ራይግራስ ደግሞ የእንክርዳድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም ሎሊየም በሚል አንድ ስም ሥር ይመድቧቸዋል። በወንጌሉ ምሳሌ ሰዎቹ ተኝተው ሳለ በስንዴው መካከል እንክርዳድ የዘራው ጠላት ነበር። እዚህ የሚዘራው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ያውም ከኦሪገን ዊላሜት ሸለቆ ድረስ በገንዘቡ አስመጥቶ።

ይህ ሁሉ ለምን? ሰርዶ ብርድ ሲመጣ ይተኛልና። የምሽቱ ቅዝቃዜ ሲበረታ ቅጠሉ የድርቆሽ ቀለም ይይዛል፤ ሥሩና ከመሬት በታች ያለው ግንዱ ግን በሕይወት ነው፤ መጋቢት ላይ ሲሞቀው ይነቃል። ኅዳር ላይ የሸዋን ወይም የጎጃምን መስክ ያየ ሰው ያንን ወርቃማ ቀለም «ሞተ» አይለውም። ከብቱም አይለውም። ያ የዓመቱ መልክ ነው። የበረሃው ጎልፍ ባለቤት ግን ከቺካጎና ከቶሮንቶ በረዶ ሸሽቶ የሚመጣው ደንበኛ በጥር ወር ቢጫ ካየ ይከፋዋል ብሎ ደምድሟል። ስለዚህ የተኛው ላይ ሌላ ሣር ይዘራበታል። የሚገዛው ቀለም ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

አሁን ቀለሙ በምን እንደሚከፈል እንይ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ላስ ቬጋስ ላይ በዓመት የሚዘንበው 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከተማዋ ከምትጠጣው 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሁቨር ግድብ ከተጠራቀመው የሚድ ሐይቅ ይመጣል። ለጎልፍ ሜዳዎች የውኃ ባለሥልጣኑ ኮታ አለው፤ ለረጅም ዓመታት በኤከር 6.3 ኤከር-ጫማ ነበር፣ ከ2024 ጀምሮ ወደ 4 ወርዷል። ኤከር-ጫማ የሚለው መለኪያ ያደናግራል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። አንድ ኤከር መሬት ላይ የአንድ ጫማ ጥልቀት ውኃ ቢተኛ ያ አንድ ኤከር-ጫማ ይባላል። ስለዚህ በኤከር 4 ኤከር-ጫማ ማለት በመላው ሜዳ ላይ የአራት ጫማ ጥልቀት ውኃ ማፍሰስ ነው። በሚሊ ሜትር ሲቆጠር 1,220 ገደማ።

ቁጥሩን ያዙልኝ። አዲስ አበባ ላይ በልጉም ክረምቱም ተደምሮ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘንበው አያንስም። ከቅነሳ በኋላ፣ «ጠበቀብን» ተብሎ ቅሬታ በሚቀርብበት ኮታ፣ አንድ የቬጋስ ጎልፍ ሜዳ የአዲስ አበባን የሙሉ ዓመት ዝናብ በቧንቧ ይጠጣል። የድሮው ኮታ 1,900 ሚሊ ሜትር ያልፍ ነበር። ያ የጎሬና የኢሉባቦር ዓይነት ዝናብ ነው!

ክረምት ላይ የተኛ ሰርዶ የሚፈልገው ውኃ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሥሩ እንዳይደርቅ አልፎ አልፎ ማርጠብ ይበቃዋል። ራይግራሱ ግን ከበቀለበት ቀን እስከሚሞትበት ቀን ይጠጣል። እንግዲህ ሜዳው ማረፍ በሚገባው አምስት ስድስት ወር ውስጥ የሚፈሰው ውኃ ከነመብቀያው አንድ አገልግሎት ብቻ አለው፤ ቢጫውን አረንጓዴ ማድረግ።

ወንዙ ደግሞ ተርፎት የሚሰጥ ወንዝ አይደለም። በ1922 የተፈረመው የኮሎራዶ ውል ላይኛውና ታችኛው ተፋሰስ እያንዳንዳቸው 7.5 ሚሊዮን ኤከር-ጫማ እንዲያገኙ ደለደለ፤ በ1944 ለሜክሲኮ 1.5 ሚሊዮን ተጨመረ። ድልድሉ ሲሠራ ያለፉት ዓመታት ዝናባማ ስለነበሩ ወንዙ ከአቅሙ በላይ ተከፋፈለ። በተፋሰሱ ለዘመናት የኖሩት ነባር ሕዝቦችም በድርድሩ ጠረጴዛ ወንበር አልነበራቸውም። (ይህ የሆነ ሌላ ወንዝ አስታወሳችሁ? እኔንም አስታውሶኛል። እሱን ለሌላ ቀን።) ከዚያ ውስጥ የኔቫዳ ድርሻ 300 ሺህ ብቻ ነው፤ ከጠቅላላው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። በነሐሴ 2021 የፌዴራሉ መንግሥት በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በታችኛው ተፋሰስ የውኃ እጥረት አወጀ፤ ኔቫዳም ከትንሿ ድርሻዋ 21 ሺህ ኤከር-ጫማ ተቀነሰባት። በ2022 በጋ ሚድ ሐይቅ በ1930ዎቹ መሞላት ከጀመረ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ፤ ከአቅሙ ሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ቀረው። ያን ጊዜ ከጭቃው ውስጥ ሰው የታሸገበት በርሜል መውጣቱ ዓለምን ያነጋገረው እኮ ሐይቁ ስለሸሸ ነው። ግዛቶቹ በጉድለት ጊዜ ማን ስንት ይቀነስበት የሚለውን የሚዳኙበት የ2007 መመሪያም በ2026 መጨረሻ ጊዜው ያበቃል።

በዚህ መሐል ተራው ነዋሪ ምን ተባለ? በ2021 የወጣው የኔቫዳ ሕግ ከ2026 ማብቂያ በኋላ በቬጋስ ሸለቆ በየመንገዱ አካፋይ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍና በየአፓርታማው ግቢ ያለ «ጥቅም የለሽ» ሣር በወንዙ ውኃ እንዳይጠጣ ከለከለ። አዲስ የሚሠራ የመዋኛ ገንዳ ከ600 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ውኃ አብዝቶ የሚጠቀም ቤተሰብ ተጨማሪ ይከፍላል። ባለሥልጣኑ ሣራችሁን ንቀሉ ብሎ ለሰው ገንዘብ ሲከፍል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ይህን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ትክክለኛ ፖሊሲ ነው። ግን ታክሲ የሚነዳው፣ ካሲኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው፣ የሆቴል አልጋ የምታነጥፈው ወገናችን ልጆቹ የሚንከባለሉበትን ሁለት ክንድ ሣር ነቅሎ ጠጠር ሲያፈስ፣ በአጥሩ ማዶ በሄክታር 500 ኪሎ ዘር ተበትኖ ውኃ ሲረጭበት ካየ ምን ይበል? «ጥቅም የለሽ ሣር» የሚለው ስም በጥር ወር ከሚያብረቀርቅ ራይግራስ የበለጠ የሚስማማው ነገር አለ?

የጎልፍ ሰዎች መልስ አላቸው፤ አንዳንዱ መልስ ከባድ ነው፣ አንዳንዱ ማምታቻ ነው። ከማምታቻው ልጀምር።

«እኛ የምንጠቀመው የታከመ ፍሳሽ ውኃ ነው።» አንዳንዶቹ እውነትም እሱን ይጠቀማሉ። በሌላ ከተማ ቢሆን ጥሩ መልስ ነበር። ቬጋስ ላይ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱን ልብ በሉ። በቬጋስ በቤት ውስጥ ቧንቧ የወረደ ውኃ፣ ከሻወርም ከመጸዳጃም፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ታክሞ በላስ ቬጋስ ዎሽ በኩል ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል። በተመለሰው ልክ ኔቫዳ ያንኑ ያህል ውኃ እንደገና የመቅዳት መብት አላት። ከተማዋ በትንሽ ድርሻ ይህን ያህል ሕዝብና ይህን ያህል ሆቴል የምትችለው በዚህ ነው። ስለዚህ ሻወር የወሰደው እንግዳ ውኃውን ለሐይቁ ይመልሳል። ሣር ላይ የተረጨው ግን፣ ታከመም አልታከመም፣ ወደ አየር ተንኖ ይቀራል። «የታከመ ነው» የሚለው ሰው እየነገራችሁ ያለው ሊመለስ የነበረውን ውኃ ከመንገድ መጥለፉን ነው።

«እርሻው ከእኛ ይብሳል» የሚለውም አለ። በመላው ተፋሰስ ሲታይ አይካድም፤ የወንዙን አብዛኛውን ውኃ የሚጠጣው መስኖ ነው፣ በተለይ ለከብት መኖ የሚዘራው አልፋልፋ። ግን አልፋልፋው መጨረሻው ወተትና ሥጋ ነው። ደግሞስ በኔቫዳዋ 300 ሺህ ውስጥ የካሊፎርኒያን አልፋልፋ እየጠቆሙ ማምለጥ፣ ጎረቤቴ ከእኔ በላይ ሰካራም ነው እንደማለት አይደለም?

ከባዱ መልስ የሜዳ ባለሙያዎቹ ነው፤ እነሱን አከብራለሁ። የተኛ ሰርዶ ሲጎዳ አያገግምም ይላሉ። እውነት ነው። በነቃበት ጊዜ የጎልፍ ዱላ ሲቦጭቀው በሁለት ሳምንት ይሸፍነዋል፤ በተኛበት ጊዜ የተቦጨቀው እስከ መጋቢት እንደተቦጨቀ ይቆያል። በክረምት ደግሞ ተጫዋቹ ብዙ ነው፣ ጋሪውም ብዙ ነው። ስለዚህ ራይግራሱ ብርድ ልብስ ነው ይሉናል።

ብርድ ልብሱ ግን ጠዋት ከላይ አልነሣ ይላል። ሰርዶው በሚያዝያ ሊነሣ ሲል ራይግራሱ ገና በጉልበቱ ነው፤ ብርሃኑን ይጋርደዋል፣ ውኃውንና ማዳበሪያውን ይሻማዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ራይግራሱ በሙቀት ሲሞት ከሥሩ ራሰ በራ መሬት ይገለጣል። ያን ለመሸፈን ሌላ ማዳበሪያ፣ ሌላ ውኃ ይፈሳል። ከዚያ ሰርዶው ሦስት አራት ወር ተንፈስ ሳይል መስከረም ይመጣና እንደገና ይላጫል። በየዓመቱ ይህን የሚያሳዩትን ሣር «እየጠበቅነው ነው» ማለት ድፍረት ነው።

ያለ ዘር የሚሠራ የመፀው ጥገና ደግሞ አለ፤ ባለሙያዎቹም ከእኔ በላይ ያውቁታል። ማጨጃውን ዝቅ ከማድረግ ፈንታ ከፍ አድርጎ ሰርዶው ወፍራም ምንጣፍ ሆኖ እንዲተኛ ማድረግ። ብርድ እንዲችል ፖታሲየም መስጠት። ከመሬት በታች የሚያፈስሰውን ቧንቧና የተጣመመውን መርጫ መጠገን። ጋሪዎችን ከሣሩ ላይ ወደ መንገዳቸው መመለስ። ዱላ በብዛት የሚያርፍበትን የመነሻ መደብ ብቻ መዝራት፤ ከጠቅላላው ሜዳ ትንሿ ክፍል ናት። ያለ አረንጓዴ መኖር አልችልም ለሚል ደግሞ ሣር ላይ የሚረጭ ቀለም ገበያ ላይ አለ። አዎ፣ ቀለም! ትስቁ ይሆናል። የምንከራከረው ስለ ቀለም ከሆነ ቀለሙን ከባልዲ መቅዳት ከወንዝ ከመቅዳት ይሻላል። ኮታው ከወረደ ወዲህ ሰፊውን ሜዳ መዝራት የተዉ አሉ፤ ስለዚህ አይቻልም የሚለው ክርክር አብቅቷል።

«ቱሪስቱ ይሸሻል፣ እንጀራችሁ ይቀራል» የሚለው ማስፈራሪያ በተለይ ለእኛ ሰው ይነገራል፤ ከኤርፖርት ጎልፈኛውን የሚያመላልሰው ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ስለሆነ። ማስፈራሪያውን ግን ታሪክ አይደግፈውም። በ2006 በእንግሊዝ ሆይሌክ የተደረገው ብሪቲሽ ኦፕን በደረቀ፣ ቡኒ በሆነ ሜዳ ላይ ነበር፤ ታይገር ውድስ አሸነፈ፣ ውድድሩም እስከ ዛሬ በአድናቆት ይነሣል። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ዝነኛው ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ በ2010 እና 2011 ሲታደስ ወደ 14 ሄክታር ገደማ ውኃ ጠጪ ሣር ተነሥቶ በአሸዋና በዱር ሣር ተተካ። በ2014 ዩኤስ ኦፕን ሲካሄድበት ዳርና ዳሩ ቡኒ ሆኖ በቴሌቪዥን ታየ። ያን ጊዜ ገና ፕሬዚዳንት ያልሆነው፣ ራሱም የጎልፍ ሜዳዎች ባለቤት የሆነው ዶናልድ ትራምፕ በትዊተር መልኩን አጣጣለ። ውጤቱስ? ዩኤስ ኦፕን በ2024 ተመልሶ እዚያው ተካሄደ፤ የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርም ሜዳውን ለወደፊቱ በቋሚነት ከሚመላለስባቸው ቦታዎች አንዱ አድርጎ መረጠው። የት አለ የሸሸው ሰው?

የአረንጓዴው አባዜ ምንጩ ሌላ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ማስተርስ የሚካሄድበት ኦገስታ በየመፀው ራይግራስ ይዘራል፤ ከ1966 ጀምሮ በባለቀለም ቴሌቪዥን ያንን አረንጓዴ ያየ የጎልፍ ክለብ ሁሉ «እኔስ?» አለ። ኦገስታ ግን ጆርጂያ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ከአዲስ አበባ ዝናብ ጋር የሚቀራረብ ነው። የእሱን መልክ 100 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር ለማምጣት መሞከር፣ የደብረ ብርሃንን ገብስ አፋር ላይ እንደመዝራት ነው። ጨዋታው የተወለደበት የስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ሣር እንኳ በደረቅ በጋ ይቡናል፤ ስኮትላንዶቹ ኳሱ ስለሚሮጥላቸው ይደሰታሉ እንጂ ዘር ይዘው አይወጡም።

«ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የምትሉ አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች፣ አንድ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ጎዳናዎች ተመልከቱ። በኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ዳር ሣር ተተክሏል። ክረምት ላይ ሰማዩ ይንከባከበዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ዝናቡ ይርቃል፣ ሣሩ ደግሞ ቢጫ እንዳይሆን ይፈለጋል። ከጎኑ ያለው ሰፈር ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። በልኩ ከበረሃው ጎልፍ ጋር አይወዳደርም፤ አረንጓዴ መናፈሻም ለከተማ ያስፈልጋል፣ ከዛፍ ጥላም የተሻለ ነገር የለም። ጥያቄዬ ስለ ሣሩ ቀለም ብቻ ነው። በጥር ወር የእንጦጦ መስክ ቢጫ ሆኖ ማንም ካላፈረ፣ የመንገዱ ዳር ሣር ቢጫ ቢሆን የሚያፍረው ማን ነው? ጀሪካን ይዞ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ወደ በረሃው ልመለስ። የምለው ጎልፍ ይዘጋ አይደለም። የውኃ ባለሥልጣናቱ ኮታ ሲያወጡ ባለቤቱ ውኃውን ለምን እንደሚያውለው አይጠይቁም፤ ይህ መቀየር አለበት። ከመነሻ መደብና ኳሱ ከሚገባበት ግሪን ውጪ በመፀው መዝራት ይከልከል። አፓርታማ ግቢ ውስጥ ያለ ሣር «ጥቅም የለሽ» የሚባልበት ሚዛን በሌላ ሣር ላይ የተዘራ ሣርንም ይመዝን። በካሊፎርኒያው ኮቼላ ሸለቆ 120 ያህል የጎልፍ ሜዳዎች አሉ፤ እዚያም የዝናቡ መጠን ያው ነው፣ የመስከረሙ ሥርዓትም ያው ነው። ደንቡ ቬጋስ ላይ ብቻ ቢቆም ዘሩ በመኪና አራት ሰዓት ወደ ደቡብ ምዕራብ ይሄዳል።

ቬጋስ ያላችሁ ደግሞ ድምፅ አላችሁ። የሸለቆው የውኃ ድርጅት ቦርድ አባላት እናንተ የምትመርጧቸው የካውንቲው ኮሚሽነሮች ናቸው፤ ስብሰባቸውም ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማንም ነዋሪ ተነሥቶ መናገር ይችላል። የኮሚዩኒቲ ማኅበራችን ለእራትና ለእግር ኳስ ውድድር ሰው ማሰባሰብ አያቅተውም። ሜዳዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት፣ ነሐሴ ላይ፣ አሥር ሰው ሄዶ የግቢውን ጠጠር ፎቶና የማዶውን ሣር ፎቶ ጎን ለጎን ቢያሳያቸው ምን እንደሚመልሱ መስማት እፈልጋለሁ።